ምንም ያልሆነው ቮላኖ

ዋጋዬ ሰው ብረት ወደሚላጥበት ቶርኖ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የምታየው ፊቱን አይደለም፤ ይዞት የመጣውን ብረት ነው። የዳንግላ ጎረምሶች ይህን አመሏን ስለሚያውቁ «ዋጋዬ ዘንድ ተውቦ መሄድ ኪሳራ ነው» እያሉ ያሾፉባታል። እንየው የተባለውን ልጅም ያየችው ይዞት ከመጣው ቮላኖ በኋላ ነው።

ቮላኖው ከባድ ክብ የመኪና ብረት ነው፤ በማዳበሪያ ጆንያ ተጠቅልሏል። ልጁ ከእንጅባራ ድረስ በሚኒባስ ጭኑ ላይ ታቅፎት መጥቶ ኖሮ፣ ጠረጴዛው ላይ ሲያሳርፈው «እፎይ» አለ። ዋጋዬ ጆንያውን ገለጠችና ብረቱን ወደ ብርሃን አዘንብላ አየችው። ከሞተሩ ጋር እየተሽከረከረ የፍሪሲዮኑን ሸራ የሚቀበለው ፊቱ ተበልቷል። እዚህም እዚያም ሰማያዊ የቃጠሎ ነቁጥ ጣል ጣል ብሎበታል። በጥፍሯ ስትሞክረው ቦይ ቦይ ሆኗል።

«ይሄ ምን ሲጎትት ነው የኖረው?» አለች፣ ቀና ሳትል።

«ድንች።»

«ድንች ብቻ?»

«አንዳንዴ ከአዲስ ቅዳም ከሰል ይጨመርበታል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ጥፋት እንደሚናዘዝ ሰው።

ፒክአፕ ነበረችው። ከዘንገና ዙሪያ ድንች ጭኖ ዳገቱን ሲወጣ ፍሪሲዮኑ ቶሎ ቶሎ እየተቃጠለ አስቸግሮታል። አሁን ግን የአክስቱ ልጅ ከአዲስ አበባ የእሽቅድምድም መኪና ላይ የሚገጠም ጠንካራ ፍሪሲዮን ልኮለታል። ይህን የነገራት የአራስ ልጅ እንደሚያሳይ አባት ፊቱ በርቶ ነው።

«እና አሁን ይህን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፈግ አድርጊልኝና ልሂድ። ነገ ገበያ ነው።»

ዋጋዬ ያን ጊዜ ቀና አለች። ጠይም ነው፤ ዓይኖቹ ትልልቅ ናቸው። ፊቱን ታጥቦ መጥቷል፤ ከጆሮው ሥር ግን የግራሶ እድፍ ቀርቷል። እድፉን ባታይ ይሻላት ነበር፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ዓይኗ እየሄደ እዚያ ያርፍባት ጀመር።

«በብርጭቆ ወረቀት አልነካውም።»

«ለምን?»

«አዲስ ሸራ በዚህ ጎርባጣ ላይ ካሰርክ መኪናህ ሲነሳ ይንቀጠቀጣል። ሸራው ግማሹ ይይዛል፣ ግማሹ ይንሸራተታል፣ ወዲያው ይቃጠላል። ያን ጊዜ ‹ዳንግላ ያለችው ልጅ ናት ያበላሸችብኝ› ትላለህ።»

«አልልም።»

«ትላለህ። ሁሉም ይላል። ቶርኖ ላይ ገብቶ ፊቱ መላጥ አለበት።»

እንየው ግራ ቀኝ አየ። «ባለሙያው የለም እንዴ?»

ዋጋዬ ይህን ጥያቄ ስትሰማ የመጀመሪያዋ አልነበረም። በእጇ ወደ በሩ አመለከተች። አባቷ ጋሽ አድማሴ እንደ ወትሯቸው ከደጁ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ሲጠሯቸው ገቡ፤ ቮላኖውን በመዳፋቸው ቀስ ብለው ዳበሱት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ «እሷ ያለችው ይሁን» ብለው ተመልሰው ወጡ። እንየውም የሊቅ ፍርድ እንደሰማ ሰው እሺ አለ።

የቤቱ ምሥጢር ይኸው ነበር። የጋሽ አድማሴ ዓይን ከደከመ ቆይቷል። የመለኪያው ቁጥር ጉንዳን መስሎ ይርመሰመስባቸዋል። የባሕር ዳሩ ሐኪም የሄደው አይመለስም ብሏቸዋል። ከዚያ ወዲህ ከዚህ ቤት የወጣው ብረት ሁሉ የዋጋዬ ሥራ ነው። ደንበኛው ግን የሚመጣው «አድማሴ ቶርኖ» ብሎ ስለሆነ፣ አባትና ልጅ ሳይነጋገሩ ተስማሙ። እሷ ትሠራለች፣ እሳቸው ይዳብሳሉ።

ቮላኖውን በቶርኖው መንጋጋ አስነክሳ፣ እያዞረች በመለኪያ ታስተካክለው ጀመር። ይህ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ብረቱ ተንጋዶ ከታሰረ ተንጋዶ ይላጣል። እንየው ስልኩን አውጥቶ ሰዓት አየ። ደግሞ ሊያይ ሲል «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለችው። ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ።

ቢላው ብረቱን ሲነካ ግራጫ ብናኝ መርገፍ ጀመረ። ከተበላው ፊት ሥር አዲስ ፊት ብቅ እያለ መጣ። እንየው ጠጋ ብሎ ያይ ነበር፤ ከቮላኖው ወደ እጆቿ፣ ከእጆቿ ወደ ፊቷ። ልክ ግማሽ ሲደርስ ቶርኖው አቃሰተና ቆመ። መብራት ሄደ።

«መቼ ይመጣል?» አለ እንየው።

«እሱን የሚያውቅ ሰው ቢኖር ሽማግሌ እንልክበት ነበር።»

ምን አማራጭ ነበረው? ግማሽ የተላጠ ብረት ይዞ አይኬድም። በተገለበጡ ጣሳዎች ላይ ፊት ለፊት ተቀመጡ። እሱ ስለ እናቱ ስለ እትዬ ዘውድነሽ አወራት፤ እናትየው ድንቹን ከገበሬው እየሰበሰቡ እሱ እንደሚያጓጉዝ፣ አባቱ ከሞቱ ወዲህ ሁለት ብቻቸውን እንደሆኑ። እሷ ብዙ አላወራችም። የቀረውን የከሰዓት ፀሐይ በበሩ በኩል እያየች ታዳምጠው ነበር።

ከዚያ ድንገት ድምፁን ቀንሶ «አባትሽ የዳበሱት ጀርባውን ነው» አላት።

«ምኑን?»

«የቮላኖውን። የተበላው ፊቱ ወደ ታች ተዘቅዝቆ ነበር።»

ዋጋዬ ከጣሳው ብድግ አለች። ይህን ሁሉ ጊዜ የተጠበቀ ነገር በአንድ የድንች ነጋዴ ተገለጠ ብላ አሰበች። እንየው ግን ወደ በሩ አይቶ፣ ጋሽ አድማሴ እንደማይሰሙ ካረጋገጠ በኋላ፣ «ከዚህ ቤት አይወጣም» አላት። ሌላ አልጨመረም። ለምን፣ እንዴት፣ ከመቼ ጀምሮ አላለም። ዋጋዬ ሰው አለመጠየቁ ይህን ያህል ደስ ሊል እንደሚችል አታውቅም ነበር።

መብራት መጣ። ዋጋዬ ብረቱን እንደገና ለክታ፣ በቀጭኑ አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አለፈችበት። ሲያልቅ የቮላኖው ፊት አንድ ወጥ ሆኖ ያበራ ነበር። እንየው ተገርሞ እጁን ሲሰድ መዳፉን ቸብ አደረገችው።

«ፊቱ በእጅ አይነካም! እጅ ቅባት አለው። ሸራው ይንሸራተትብሃል።»

እጁን ወደ ኋላው ደበቀ። ሁለቱም ሳቁ። እሷ ፊቱን በቤንዚን ወልውላ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለችለት። «ብሎኖቹን በመስቀለኛ አጥብቃቸው። ሸራው ከብረቱ ጋር እስኪላመድ ከባድ ጭነት እንዳትጭን።»

«ድንቹስ?»

«ድንች አያኮርፍም።»

ከጥቂት ቀናት በኋላ እንየው ተመልሶ መጣ። ዋጋዬ እንደ ልማዷ እጁን አየች፤ ምንም አልያዘም።

«ተንቀጠቀጠ?»

«ኧረ የለም።»

«ሸተተህ?»

«አልሸተተም። ምንም ችግር እንደሌለ ልነግርሽ ነው የመጣሁ።»

«ስልክ አለ እኮ።»

«ኔትወርክ የለም።»

ከበሩ ውጭ ጋሽ አድማሴ የቡሬ ዘመዳቸውን በስልክ ጮክ ብለው እያዋሩ ነበር። «አዎ፣ አዎ፣ ጥርት ብሎ ይሰማል!» ይላሉ። እንየው መሬት መሬት አየ።

በሚቀጥለው ጊዜ ፒክአፗን ይዞ መጣ፤ ፍሪሲዮኑን ራስሽ ነድተሽ ፈትሺው ብሎ። እሷ መንዳት አትችልም ነበርና እሱ ነዳ፣ እሷ አጠገቡ ተቀመጠች። ያ የእሽቅድምድም ፍሪሲዮን ለድንች የተሠራ አልነበረም። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፤ ለቀቅ ሲያደርጉት ደግሞ ባንድ ጊዜ ይይዛል። መናኸሪያው ፊት ለፊት መኪናዋ ዘለለችና ጠፋች። አስነሳት፤ ዘለለችና ጠፋች። የባጃጅ ሾፌሮች ማፏጨት ጀመሩ።

«ቮላኖው ደህና ነው» አለች ዋጋዬ ኮስተር ብላ። «የታመመው እግርህ ነው።»

«የአዊ ልጅ አይደለሽ፣ ፈረስ አልለመድሽም?» አላት ላቡን እየጠረገ።

ዋጋዬ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ወደ ቤት ስትመለስ አባቷ ዘወር ብለው «የማን ሳቅ ነው የሰማሁት?» ብለው ጠየቋት። ልጃቸው እንዲህ ስትስቅ ሰምተው አያውቁም ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያለ ክረምቱ ወጣ። ሥራ በሌለበት አንድ ሰንበት ዘንገና ሐይቅ ዳር ሄዱ። ቁጭ ብለው ውሃውን አዩ። ውሃው አይንቀሳቀስም። እንየው ሣር ይነጫል፣ የነጨውን ይጥላል፣ ሌላ ይነጫል።

«ሽማግሌ ልላክ?» አለ በመጨረሻ።

ዋጋዬ ዝም አለች።

«ዝም ማለትሽ እሺ ነው?»

«ዝም ማለቴ ዝም ማለቴ ነው» አለችው። ጥቂት ቆየችና «ላክ» አለች።

ልትነግረው የፈለገችው ነገር ነበር። ሴት ልጅ ስታገባ ወደ ባሏ አገር ትሄዳለች፤ ደንቡ ነው። እሷ ከዳንግላ ከሄደች ግን ቶርኖው ይቆማል። አባቷ ደጅ ተቀምጠው የሚመጣውን ደንበኛ በምን ዓይናቸው ይቀበሉታል? ደግሞም ቶርኖውን ትወደዋለች። ጠዋት ስታስነሳው የሚያሰማውን ድምፅ፣ ከተበላው ሥር አዲሱ ሲወጣ ማየቱን ትወዳለች። ይህን ልትለው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ‹እሱ እኮ ያውቃል› አለችና ተወችው። ምሥጢሯን ገና በመጀመሪያው ቀን ያወቀ ሰው ይህን እንዴት አያውቅ?

ሽማግሌዎቹ እሑድ በማለዳ መጡ። ሦስት ነበሩ፤ አንድ ቄስ፣ አንድ የእንየው ጎረቤትና አጎቱ አቶ ሀብቱ። እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ደጁ ላይ ቆሙ። አቶ ሀብቱ ንግግር የሚያውቁ ሰው ናቸው። ዘር ቆጠሩ፣ የልጁን ጠባይ አመሰገኑ፣ ልጅዎን ለልጃችን አሉ። ዋጋዬ በጓዳው መጋረጃ በኩል እየሰማች ብርጭቆ ትደረድራለች።

«ደግሞም» አሉ አቶ ሀብቱ፣ ምርጡን ለመጨረሻ እንዳስቀመጠ ሰው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ልጅዎን እንደ እንቁላል ነው የምንይዛት። እጇ ከእንግዲህ ብረት አይነካም። ዘይትና ግራሶ ከእሷ ይርቃል። እንጅባራ ላይ ሱቅ እንከፍትላትና እንደ እመቤት ተቀምጣ ትነግዳለች። ይህን ቃል በልጃችን ስም ሰጥተናል።»

አቶ ሀብቱ ክፋት አልነበራቸውም። በእሳቸው ዘመን ለሴት ልጅ ከዚህ የበለጠ ክብር የለም፤ ከድካም ማሳረፍ። መጋረጃው ኋላ ግን ዋጋዬ ብርጭቆዎች የደረደረችበትን ትሪ ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች።

ጋሽ አድማሴ «ተማክረን መልስ እንሰጣለን» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ወደ ጓዳው ዞሩ።

«ልጄ?»

«እምቢ ይበሏቸው አባዬ።»

«ትወጂው የለም?»

«እወደዋለሁ። እምቢ ይበሏቸው።»

«ለኔ ብለሽ ከሆነ፣ እኔ እንደ ምንም…»

«ለእርስዎ ብቻ አይደለም!» አለች፤ ድምፏ ሲወጣ ራሷንም አስደነገጣት። «ሥራዬ ነው። የኔ ነው። እሱ ደግሞ ያውቅ ነበር።»

ያመማት ይኸ ነበር። የማያውቅ ሰው ቢሆን ትምረው ነበር። እያወቀ በስሙ እንዲህ ካስባለ ግን ያ ሁሉ ሳቅ፣ ያ ሁሉ መመላለስ ምን ነበር? የእምቢታው መልስ ምክንያት ሳይጨመርበት ተላከ። እንየው ደወለ፤ አላነሳችም። ደወለ፤ ስልኩን መሣቢያ ውስጥ ዘጋችበት። ቀን ቀን ቶርኖው ላይ ታጎነብሳለች፤ ማታ ትራሷን ታቅፋ ታለቅሳለች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

በአገሩ ወግ ሽማግሌው እምቢ የተባለ ሰው የልጅቷን ደጅ አይረግጥም። ቢረግጥ እሱም ይዋረዳል፣ እሷም ትታማለች። ዋጋዬም ይህን ስለምታውቅ እንደማይመጣ እርግጠኛ ነበረች፤ እርግጠኛ መሆኗ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ያናድዳት ነበር።

አንድ ጠዋት አንድ ደንበኛ ገባና ጠረጴዛው ላይ በጆንያ የተጠቀለለ ነገር አስቀመጠ። ዋጋዬ እንደ ልማዷ ብረቱን አየች። ጆንያውን ገለጠች። ቮላኖ ነው። ቃጠሎ የለበትም፣ ቦይ የለበትም። ሸራው ዙሪያውን እኩል አርፎበታል። የራሷ ሥራ መሆኑን ባንድ ዓይን አወቀችው፤ ቀና ማለት አቃታት።

«ይሄ ምንም አልሆነም» አለች ለብረቱ።

«አውቃለሁ» አለ እንየው።

«ታዲያ ለምን ፈታኸው?»

«ሽማግሌው የተመለሰበት ሰው እዚህ ደጅ አይቆምም። ደንበኛ ግን ይቆማል። ብረት ሳልይዝ ብመጣ ታስወጪኛለሽ።»

ዋጋዬ እጆቹን አየች። የጣቶቹ መጋጠሚያ ተልጧል። ቮላኖ ለማውጣት ካምቢዮው መውረድ አለበት፤ እሱ ደግሞ ብቻውን የሚወርድ ዕቃ አይደለም።

«ካምቢዮውን ማን አወረደልህ?»

«መካኒኩ ‹ጤነኛ መኪና አልፈታም፣ ጠበል ሂድ› አለኝ። ራሴ በጀርባዬ ተኝቼ አወረድኩት።» ወደ እሷ ጠጋ አለ። «ዋጋዬ፣ ምን አጠፋሁ? እሱን ብቻ ንገሪኝና እሄዳለሁ።»

ነገረችው። እጇ ብረት አይነካም የተባለውን፣ ሱቁን፣ እመቤትነቱን፣ ሁሉንም ነገረችው። ስትጨርስ እንየው ጣሳው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

«እኔ ይህን አላልኩም። ‹የምትፈልገውን ሁሉ እሺ በሏት› ነው ያልኳቸው።»

«የምፈልገውን ማን ጠየቀኝ?»

ከደጁ የባጃጅ ድምፅ መጥቶ አለፈ።

«እኔም አልጠየቅኩሽም» አለ። «የማውቅ መስሎኝ።»

«እኔም የምታውቅ መስሎኝ» አለች። ንዴቷ ከእጇ ሲወጣ ተሰማት፤ የምትይዘው ነገር ፈልጋ ጨርቅ አነሳች።

«አሁን ልጠይቅሽ። ምን ትፈልጊያለሽ?»

«እዚሁ መሥራት። አባቴ አጠገብ።» ጨርቁን አጣጠፈችው፣ ዘረጋችው። «አንተንም።»

የመጨረሻዋን ቃል ያለቻት እንዲያው በትንፋሽ ነው፤ ቶርኖው ቢነሳ ኖሮ ባልተሰማች። እንየው ግን ሰማት። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ሲገልጠው ይስቃል።

«ቶርኖው መሬት ላይ በብሎን ታስሯል» አለ። «እኔ ጎማ አለኝ። እኔ እመጣለሁ።»

«ሚስቱ አገር ገባ ይሉሃል።»

«ይበሉ። ድንች ሲያጡ ይረሱታል።»

«እናትህስ?»

«እንጅባራን በየቀኑ አልፍባት የለ? እናቴ የምትፈልገው እንዳልራብ ነው። እነግራታለሁ።» ተነሣና ቮላኖውን ወደ ጆንያው መለሰ። ሲሄድ ከበሩ ላይ ዞሮ አያት፤ እሷም አየችው። የቀጣዩን ደንበኛ ሥራ የጀመረችው ዘግይታ ነው።

እናትየው እሺ አሉ። እሺ ያላሉት አቶ ሀብቱ ነበሩ። «ሽማግሌ የሰጠውን ቃል አያነሳም» ብለው ድርቅ አሉ። ሽማግሌዎቹ እንደገና ተልከው ቀጠሮው ሲደርስ ሦስቱም ቮላኖዋ ተመልሶ በተገጠመላት የእንየው ፒክአፕ ዳንግላ ገቡ፤ እንየው ራሱ እንደ ወጉ ከመንገዱ ማዶ መኪናው ውስጥ ቀረ። ቶርኖ ቤቱ በር ላይ ብረት የያዙ ሁለት የባጃጅ ሾፌሮች ተራ ይጠብቁ ነበር።

«ልጃችን ቃሉ ይነሣ ይለናል» አሉ አቶ ሀብቱ፣ ቆመው። «ለክብር የሰጠነውን ማንሳት ነውር ነው። ነገ ሰው ‹የሀብቱ ዘመዶች ምራታቸውን ብረት ያስቀጠቅጣሉ› ይለናል።»

ጎረቤትየው ወደ አቶ ሀብቱ ጠጋ ብለው በአገዎች ቋንቋ በአውኚ ሹክ አሏቸው፤ ቶርኖውን አባትየው ይሠሩት የለ፣ የልጅቷ መቅረት ምን ይጎዳቸዋል? እንግዶቹ ያላወቁት ጋሽ አድማሴ አውኚ ከሚነገርበት ከባንጃ፣ ከገበሬ ቤት የተወለዱ መሆናቸውን ነው። በዚያው በአውኚ «ሰምቻለሁ» አሏቸው። ጎረቤትየው ደነገጡ። ጋሽ አድማሴ ከወንበራቸው ተነሡና ልጃቸውም ደጅ ያሉትም እንዲሰሙ በአማርኛ ጮክ ብለው ቀጠሉ።

«አቶ ሀብቱ፣ አጠገብዎ የቆሙት ቄስ መሆናቸውን ያወቅሁት በድምፃቸው ነው። መስቀላቸውን አላየሁትም። የእርስዎንም ፊት አላየሁትም።»

ዋጋዬ ከመጋረጃው ወጣች። «አባዬ፣ ይተዉት» አለች፤ እንዲያቆሙ እጃቸውን ያዘች። እሳቸው ግን እጇን አጥብቀው ያዙና ከፊታቸው አቆሟት።

«አገሩ አድማሴ ቶርኖ ይላል። አድማሴ ፀሐይ ይሞቃል። የሚለካው፣ የሚልጠው፣ ስህተት ሲገኝ የሚያርመው ይህች ናት። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት ስሜ እንዳይወድቅ ፈርቼ ነው፤ እሷም ለኔ ስትል ዝም አለች። ዛሬ ጠዋት እዚህ ያደረሳችሁን መኪና ቮላኖ ጠይቁት፤ የማን እጅ እንዳለበት ይነግራችኋል። ከእንግዲህ ለመጣ ሁሉ ባለሙያዋ ዋጋዬ ናት እላለሁ። ይህን እጅ ለማሳረፍ ከመጣችሁ ልጄን አልሰጥም። ከነሥራዋ ከፈለጋችኋት ግን ልጃችሁ ልጄ ነው።»

ዋጋዬ አባቷን ቀና ብላ አየቻቸው። እንባዋ ጉንጯ ላይ ሲወርድ ለመጥረግ እጇን ማስለቀቅ ነበረባት፤ አላስለቀቀችም።

አቶ ሀብቱ ከዘራቸውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወሩ። ዕድሜ ያስተማራቸው ነገር ቢኖር፣ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ የሚወጣበትን በር መፈለግ ነው።

«ቃሌን አላነሳም» አሉ በመጨረሻ። «ሱቅ እንከፍትላታለን ብለን ነበር። እኛ ሳንመጣ ተከፍቶ ከቆየን ግን ምን እናድርገው?» ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ሽማግሌ ተቀመጠ ማለት ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ቄሱ ከት ብለው ሳቁ። ደጅ ካሉት የባጃጅ ሾፌሮች አንዱ አጨበጨበ፤ ሌላው «እንግዲያው ዋጋዬ፣ የኔን ቶሎ ሥሪልኝ» ብሎ ጮኸ።

በወጉ መሠረት ዋጋዬ በዚህ ሰዓት ጓዳ ገብታ አንገቷን መድፋት ነበረባት። እሷ ግን በበሩ ወጥታ፣ ሰው እያያት፣ መንገዱን ተሻገረች። የፒክአፗን በር ከፍታ ከእንየው አጠገብ ተቀመጠች።

እንየው ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ያለቀሰችውን ዓይኗን አየና የከፋውን ጠረጠረ። «ምን አሉ?»

ዋጋዬ ወደ ቤቱ አየች፤ አባቷ ወንበራቸውን ወደ አቶ ሀብቱ አስጠግተው በእጃቸው ወደ ጓሮ በኩል እያመለከቱ ነበር።

«አባቴ ከጀርባችን የሚከራይ ቤት እንዳለ እየነገራቸው ነው» አለችው።

እንየው ነገሩ እስኪገባው ትንሽ ቆየ። ሲገባው ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ፤ ክላክሱ ጮኸ፣ ሳያቋርጥ ጮኸ። ሽማግሌዎቹ በር ላይ ወጡ፣ የጎረቤት ሴቶች በአጥር ላይ ብቅ አሉ፣ መንገደኛው ቆመ፣ ዳንግላ ሁሉ ዞሮ አያቸው። ዋጋዬ ግን አልወረደችም።